በጉንፋን የተቀዳ ድምፅ

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? አንቺም ባለቤትሽም በደህና እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከመኪና መንዳት በቀር የተውኩት ነገር የለም።

መልእክትሽን እህቴ አድርሳልኛለች። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ አንድ ዓይነ ስውር የመጣለትን መልእክት ሊሰማ ስልኩን ሲነካ፣ በአንቺው ድምፅ «የኔ ማር፣ ናፈቅከኝ» መባሉን፣ ባለቤትሽም ዞር ብሎ እንዳየሽ ነገረችኝ። «ተፋትቼውም ድምፄ እሱ ጋ ይኖራል እንዴ? ያውጣልኝ!» ብለሻል አሉ። እውነትሽን ነው። ስንለያይ ቤቱንና ዕቃውን ተካፈልን፤ ድምፅሽን ግን ማናችንም አላነሣነውም።

ለዓይነ ስውራን የስልክ ጽሑፍ የሚያነበውን ፕሮግራም ስንሠራ ለስቱዲዮ ኪራይ አቅም ስላልነበረን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነበር የቀዳንሽ። ጉንፋን ይዞሽ ነበር። እስኪሻልሽ እንቆይ ብልሽ «ማን ይሰማኛል ብለህ ነው?» ብለሽ ስቀሽ ማንበብ ጀመርሽ።

የሶፍትዌር ኩባንያዬን ስሸጥ ገዢዎቹ ያንን ፕሮግራም አያተርፍም ብለው ተዉት። እኔም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀቅኩት፤ በሽያጩም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱን ከፈትኩ። እናትሽ «ሲሠራ ስስታም፣ ሲሸጥ ለጋስ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አልተሳሳቱም።

ባለፈው ሳምንት አንደኛ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲያነቡ ሁሉም በአፍንጫቸው ነው የሚናገሩት። አዲሷ መምህርት ወረርሽኝ መስሏት ነርስ ጠርታ ነበር። አንዷን ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «ንባብ እኮ እንዲህ ነው፤ እትዬም እንዲህ ነው የምታነበው» አለችኝ። እትዬ የሚሉት አንቺን ነው።

አዲስ ድምፅ ተዘጋጅቷል። ጥርት ያለ ነው፤ አፍንጫውም ክፍት ነው። ልጆቹ ትንሽ ያለቅሱ ይሆናል እንጂ ይለምዱታል። በዚህ ወር መጨረሻ ያንቺ ድምፅ ከየስልኩ ይወጣል።

አንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዲቀር ፍቀጂልኝ። ለትምህርት ቤቱ አይደለም። የዓይን ሐኪሙ ሳይመሽብህ ከአሁኑ ተለማመድ ብሎኛል። ለልጃችን ገና አልነገርኳትም፤ አንቺም አታንሺባት። እምቢ ካልሽም አልቀየምሽም።

ቤትሽን ሰላም አይለየው። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት በስልኬ ሁለቴ አስነብቤ አዳምጬዋለሁ። ጉንፋኑ ዛሬም አልለቀቀሽም። እግዜር ይማርሽ።

የልጅሽ አባት