አባባን ያገኘሁበት ቤት

ለወንድሜ ለሞቱማ ሚደቅሳ፣
ድሬዳዋ

እንደምን ሰንብተሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወይንሀረግስ ከወለደች ወዲህ ጉልበቷ ተመለሰላት? ሕፃኑ ጡት በደንብ ይይዛል? ትልቋ ልጅህ ትምህርት ቤት ገባች አሉኝ፤ ለመደችው ይሆን? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሆዴ ግን ደኅና አይደለም። አባባም አሉ። "አሉ" ማለቴን ልብ በልልኝ፤ ደኅና ናቸው ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጅባት ሳለሁ "ሆስፒታሉ ለአባባ ደኅና ማረፊያ አግኝቶላቸዋል፣ አትስጊ" ብለህ የላክህልኝ መልእክት ደርሶኝ ነበር። አምኜህ ገበሬውን ፊደል ሳስቆጥር ከረምኩ። መስከረም ላይ ስመለስ፣ ቦታውን ስላልነገርከኝ፣ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ሆስፒታል ሄድኩ። በአባባ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ኃላፊዋን ነርስ ብጠይቃት፣ ከግንባር ለሚመጡ ቁስለኞች አልጋ ስለተፈለገ የማይድኑትን እንዳስወጡ፣ አባባም ልጃቸው ተስማምቶ ለአስታማሚ ቤት እንደተሰጡ ነገረችኝ። ቤቱ የት ነው? ስላት አታውቅም። ከበር ከወጡ በኋላ የእኛ በሽተኛ አይደሉም አለችኝ። ሞቱማ፣ ዕቃ እንኳ ሲላክ ወዴት እንደሄደ ይጠየቃል።

ቤቱን ያገኘችልኝ ዘኪያ ናት፤ አብነት መንገድ ዳር ከሰል የምትቸረችረዋ። ስታየኝ ግራ ተጋብቼ እዞራለሁ፤ ነገሩን ስነግራት "ከእኔ ጀርባ እንዳለች የምትባል ሴት አለች፤ የሆስፒታል መኪና እየመጣ ሰው ያራግፍላታል። ሲገቡ አያለሁ፣ ሲወጡ ግን አይቼ አላውቅም" አለችኝ።

እንዳለች ቀድሞ በሆስፒታል ጽዳት ሠርታለች ይባላል። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝና አንተንም ቤቱን ልታይ በመጣህ ጊዜ እዚሁ እንዳስገባችህ እየነገረችኝ የፊት ክፍል አስቀመጠችኝ። ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ የታጠበ ብርጭቆ። አባቴ የት ናቸው ብላት፣ አሁን እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ነይ አለች። ገፍቼአት በጓሮ በር ወጣሁ።

ከኋላ ድሮ የእንጨት መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ክፍል አለ። መስኮት የለውም። ሽታው ከበሩ ይመልሳል። ሰዎቹ መሬት ላይ በጭድ ፍራሽ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አባባ ጥግ ላይ ነበሩ። ግማሽ አካላቸውን ሽባ ያደረገው በሽታ የተወላቸው ያ አንድ እጃቸው በነጠላ ቅዳጅ ከምሰሶው ጋር ታስሯል። እንዳይወድቁ ብዬ ነው አለችኝ ከኋላዬ ሆና። መሬት ላይ የተኛ ሰው ወዴት ይወድቃል?

አጠገባቸው ገብረጊዮርጊስ የሚባል፣ አንድ እግሩን ኦጋዴን ያጣ ወታደር ተኝቷል። እንደምታውቀው አባባ ከታመሙ ወዲህ አማርኛው ጠፍቶባቸው የልጅነት ኦሮምኛቸው ብቻ ቀርቷቸዋል። "ቢሻን፣ ቢሻን" እያሉ ውኃ ሲለምኑ፣ የቤቱ ሰዎች ሽማግሌው ይቃዣል እያሉ ይስቁባቸው ኖሯል። ገብረጊዮርጊስ ሐረርጌ ሲዘምት ቃሉን ለምዶ ስለነበር እየተንፏቀቀ ከራሱ ጣሳ ያጠጣቸው ነበር። ይህን ሲነግረኝ እኔን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዘኪያ ወንድሞች ቃሬዛ አባባን ወደ ልደታ አመጣኋቸው። ጀርባቸው ቆስሎ ሸሚዛቸው ከሥጋቸው ጋር ተጣብቋል። እያራስኩ ሳላቅቀው በአንተ ተናደድኩ። ፈቃድህ አጭር እንደነበረ፣ ፋብሪካው እንደማይጠብቅህ አውቃለሁ። ክፉ አስበህ አይደለም፤ ያሳዩህን አምነህ ነው። ግን ያን የጓሮ በር መክፈት ምን ያህል ጊዜ ይወስድብህ ነበር?

ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። ሊቀመንበሩ ደካማ ማስጠጋት ወንጀል ነው ወይ፣ ሕክምና ነው ካልሽ የጤና ሰዎችን ጠይቂ አለኝ። የጤና ሰዎች ደግሞ የምንቆጣጠረው ፈቃድ የሰጠነውን ነው፣ እሷ ፈቃድ አልጠየቀችም አሉኝ። አለመጠየቋ ነፃ አወጣት ማለት ነው። ደጅ ስጠና ሰንብቼ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጉዳዩን ሰማ። እንዳለች "ልጃቸው በዓይኑ አይቶ፣ ወዶ ነው የተወልኝ" ብላ ቃሏን ሰጠች። ሸንጎው ቤቱ ይታይ ብሎ ሰው ሲልክ የኋላው ክፍል ተጠርጎ ሽንኩርት ተከምሮበት ተገኘ። ሰዎቹስ ሲሏት፣ ወደየዘመዶቻቸው ሄዱ አለች። ገብረጊዮርጊስን ልደታ ማርያም በር ላይ ከለማኞች መሃል አገኘሁት። የሌሎቹን መድረሻ እሱም አያውቅም። አሁን ደግሞ ዘኪያ መኪናው እንደገና መምጣት ጀምሯል አለችኝ።

ሸንጎው ለኅዳር ቀጥሮናል። ናና ያሳዩህን ተናገር፤ ያላሳዩህን እኔ እናገራለሁ። የምፈልገው እንዳለች እንድትታሰር ብቻ አይደለም። ሆስፒታሉ ሰው ሲያስወጣ ወዴት እንደሚልክ ይወቅ፣ የሚቀበለው ቤት ፈቃድ ይኑረው፣ አንድ ሰው ሳይነግራት ሄዶ ጓሮውን ይይ ነው የምለው። ይህን መጠየቅሽ ፀረ አብዮት ያሰኝሻል ብሎ ያስፈራራኝ ሰው አለ። ያሰኘኝ።

ወይንሀረግን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለአማትህ ለወይዘሮ ወለተሥላሴ አክብሮቴን አቅርብልኝ። ትልቋን ልጅህን እቅፍ አድርገህ፣ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ዘኪያም ሰላም ብላሃለች።

ስትመጣ በሩን አታንኳኳ። አባባ በር ሲንኳኳ ሊወስዷቸው የመጡ እየመሰላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ከአጥሩ ውጭ ሆነህ በኦሮምኛ ተጣራ፤ ድምፅህን ያውቁታል። እሳቸው አልተቀየሙህም፤ ስምህን እየጠሩ ነው የሚውሉት። የተቀየምኩህ እኔ ነኝ።

እህትህ ኮከቤ ሚደቅሳ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.