ድንኳን ለሚሸከሙት የእጅ ኳስ ተጫዋቾቻችን

ለጮራ ሰፈር ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም ለዚያው ሰፈር እድር ሊቀመንበር ለተከበሩ አቶ ሚክያስ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ በተለይም ዕድሜያቸው ለገፋ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች በሙሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። እርስዎ ክለባችንንም እድሩንም አጣምረው መምራት ከጀመሩ ወዲህ፣ በሰፈሩ ሰው ባረፈ ቁጥር የሴቶች እጅ ኳስ ቡድናችን ልምምዱን አቋርጦ ድንኳን ስለሚሸከም፣ ለአዛውንቶች ጤና የግራ ክንፍ ተጫዋቻችንን አቢጋኤልን ያህል አጥብቆ የሚጸልይ ሰው በከተማው የለም። ባለፈው እሑድ አንድ ሽማግሌ ጸሎት ቤት ውስጥ ሲያስላቸው ሮጣ ውሃ ያመጣችላቸው እሷ ነበረች። በዚህ ወር ያየሁት ደህና ስፕሪንት ያ ብቻ ነው።

እኔ ጵርስቅላ የቡድኑ አሠልጣኝ ነኝ፤ ወይም ነበርኩ። እርስዎ ከአንድ አጭር ስልጠና ተመልሰው፣ ልምምድ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር መያያዝ አለበት በሚል ድንቅ ሐሳብ፣ የድንኳን ቋሚ መሸከም የጥንካሬ ልምምድ፣ የለቅሶ ጥሪ ማድረስ ደግሞ የፍጥነት ልምምድ እንዲሆን ከወሰኑ በኋላ የእኔ ሥራ አግዳሚ ወንበር ቆጥሮ መረከብ ሆኗል። ስለሰጡኝ ዕረፍት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተን በብረት ቱቦ ጫፍና ጫፍ የተከልናቸው ክብደቶች ነበሩን። ተጫዋቾቹ በትከሻቸው አድርገዋቸው ቁጢጥ ብለው ይነሱ ነበር፤ ዘሎ ግብ ማስቆጠር ከክንድ ይልቅ የጭንና የዳሌ ጉልበት ይጠይቃልና። አሁን እነዚያ ክብደቶች ነፋስ እንዳይነቅለው የድንኳኑ ገመድ ታስሮባቸዋል። ድንኳኑ አይዘልም፣ ግብም አያስቆጥርም፣ ሆኖም በሰፈራችን እንደ እሱ ያለማቋረጥ ክብደት የሚሠራ የለም። እንኳን ደስ አለዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሩጫው። የእጅ ኳስ ተጫዋች የሚያስፈልጋት ባጭር ርቀት መፈትለክ፣ ድንገት መቆም፣ አቅጣጫ ቀይሮ እንደገና መፈትለክ፣ በመካከሉም ትንሽ መተንፈስ ነው። በእርስዎ ፕሮግራም ግን ተጫዋቾቹ ጥሪውን ከቤት ወደ ቤት እየሮጡ ያደርሳሉ። መሮጣቸውን አልክድም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ለቅሶ የነገረ ሰው ከደጅ አይመለስም፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሟቹ በእናታቸው በኩል ከነማን እንደሚዛመዱ ይሰማል፣ የቀረበለትን ቆጮና ጎመን ካልቀመሰ ደግሞ ያስቀይማል። አቢጋኤል በአንድ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ እንዲህ እየተነፈሰች ሮጣ ስትጨርስ የቱታዋ ዚፕ አልዘጋ ብሏት ነበር። በፍጥነት ልምምድ ተጫዋች ያወፈረ የመጀመሪያው ሰብሳቢ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ አንዱን ቋሚ ለሁለት መሸከም ስለለመዱ፣ ከሺንሺቾ ቡድን ጋር በተጋጠምን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እርምጃቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ግብ ሄዱ። የሺንሺቾ ተከላካዮች ጨዋ ልጆች ናቸውና መጀመሪያ መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዷ እንዲያውም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብላቸዋለች። በዚህ መንገድ ሁለት ግብ አስቆጠርን። ነገሩ ከገባቸው በኋላ የሆነውን ግን ባልናገር ይሻላል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተጫዋቻችን ሀናን አንብባው፣ አሠልጣኝ ሰው አይሳደብም ብላ አሰረዘችኝ።

ሀናን ከተነሳች፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። የባጃጅ ሹፌሩ የአቶ ኢልያስ ልጅ ናት፤ ከተጋጣሚ ግብ ፊት ለፊት በተከላካዮች መሃል የምትጫወት ፒቮታችን። ኳስ ተቀብላ ስትዞር ሁለት ተከላካይ ተንጠልጥሎባት አብሮ ይዞራል። የፊታችን ቅዳሜ ዱራሜ ላይ ስንጋጠም የስፖርት አካዳሚ መልማዮች ይመጣሉ፤ ከመረጧት ወጪዋ ተችሎላት እየተማረች ትሠለጥናለች። ዕድሜዋ በሚቀጥለው ዓመት ከገደቡ ስለሚያልፍ ሌላ ዕድል የላትም። እርስዎ ግን ለዚያው ቅዳሜ ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ድንኳን እንዲተከል አዘው፣ መሃል ምሰሶውን ብቻዋን የምትችለው እሷ ናት ብለው ስሟን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በቀይ አስጽፈዋል።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል። ተናድጃለሁ። ልጅቷ ምሰሶውን የሚይዝላት ሰው እንዲፈልጉላት አባቷን ስትለምን ሰምቼ አንጀቴን በላችው። እናቴ ባረፈች ጊዜ ያ ድንኳን ለእኔም ተተክሏል፣ እርስዎም አጠገቤ ተቀምጠው አጽናንተውኛል፤ አልረሳሁትም። ለሐዘንተኛ መሸከም ልጆቻችንን አይከብዳቸውም። ቅዳሜ ግን ሐዘንተኛ የለም፤ ያለው ስብሰባ ነው፣ ስብሰባ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽም ይደረጋል። ስሟን ከሰሌዳው እንዲያስነሱልኝ እለምናለሁ።

ስለ ደነደነው ትከሻችንና ስላልተጣደፈው እግራችን በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ አንድ ቀን የዋና ቡድን ቢያቋቁሙልን ዋናተኞቹን ጀሪካን አሸክመው ቦኖ ውሃ እንደሚልኳቸው ከወዲሁ በመተማመን፣

ከታላቅ አክብሮትና ከታናሽ ተስፋ ጋር፣
ጵርስቅላ
የቀድሞ አሠልጣኝ፣ የአሁን አግዳሚ ወንበር ተረካቢ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ከደረሰዎ በኋላ ስሟ ይነሳ እንደሆነ እስከ ዐርብ ማታ ጠበቅሁ፤ አልተነሳም። ስለዚህ ይህን ግልባጭ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሲያነቡ እኛ ወደ ዱራሜ ተሳፍረናል። ድንኳኑን ከነቋሚዎቹ በአክብሮት ደጃፍዎ ላይ አራግፈናል፤ የኮሚቴው አባላት ሰባት ስለሆናችሁ ለአንድ የእጅ ኳስ ቡድን ትበቃላችሁ። መሃል ምሰሶውን ሲያነሱ ወገብዎን ቀጥ አድርገው፣ ከጉልበትዎ ሸብረክ ብለው ይጀምሩ። ሀናን ዛሬ ሌላ ሥራ አላት።