የጓያው እንፋሎትና የባሌ ምርጫ

አስረስዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ፋሲካ ሲመጣ ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ይሞላል። ንዳዱ በአምስት ቀን ነጥቆ ወሰደህ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጧት ጧት የወፍጮው ሞተር ቱፍ ቱፍ ማለት ሲጀምር ፎጣህን ላቀብልህ ከመደቡ እነሳለሁ። ከተነሳሁ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ። መልሼ ቁጭ እላለሁ።

መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። "ወሬ አልወድም" እያልህ ጆሮህን ወደ እኔ ታዘነብል የነበርህ ሰው፣ እዚያ ማን ያወራልሃል? ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ ዝናብ ሲመታው ሰውና ሰው አይደማመጥም፤ ብትኖር ክርክር ተከልክለህ ትቸገር ነበር። ትልቋ ልጃችን አግብታ ሐሙሲት ገብታለች። ባሏ ደግ ነው፤ ብቻ ሲያላምጥ እስከ ወረታ ይሰማል። ጃንጥላህ ከምሰሶው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ የሚዘረጋው ቢኖር ከእኔ ጋር ይጣላል። ወፍጮህን የጎረቤታችን ልጅ ጌጡ ይዞታል፤ አንተ ባሠራህለት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱን ምርኩዞቹን ከጎኑ አስደግፎ።

የምጽፍልህም ስለ ጌጡና ስለ ጃንጥላው ነው። አንተ የምታውቀውን እንደ አዲስ ስተርክልህ ታገሠኝ፤ በየወሩ የምጽፍበትን ይህን መጽሔት የሚያነቡት ሰዎች አያውቁትም።

ለፓርላማ የተወዳደርህ ጊዜ፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው ሲባል ለየተወዳዳሪው ምልክት ታደለ። ለግራዝማች ካሳሁን በሬ ደረሳቸው፤ ለአንተ ጃንጥላ። በፎገራ ሜዳ ላይ በሬን በጃንጥላ ሊያሸንፍ የተነሳ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ቢሆንም ጃንጥላውን ገዝተህ በጠራራ ፀሐይ ዘርግተህ በየመንደሩ ዞርህ፤ እኔም ከኋላህ። ስለ ጤና ጣቢያ፣ ስለ ርብ ወንዝ ድልድይ፣ ሴትም ድምፅ መስጠት እንደምትችል ተናገርህ። አንዱ ሽማግሌ "ሚስቴ ሌላ ሰው ከመረጠች እራቴን ማን ይሰጠኛል?" ቢሉህ፣ "አባባ፣ እስካሁንስ እራት የሚሰጡዎት በነገሩ ሁሉ ስለተስማሙ ነው?" አልሃቸው። ሚስትየዋ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ጓያ ትናገር ነበር። የእኛ ሜዳ ክረምት በውሃ ይሸፈናል፤ መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ጓያ በጭቃው ላይ ይዘራል። ጤፉ ሲያልቅ ለድሀ ቤት ከጓያ ሌላ የለም። በክፉ ዓመት ደግሞ ትናንት ሲያርስ የነበረ ጎልማሳ ጉልበቱ ይከዳውና በምርኩዝ ይቀራል። "ጓያ ሰበረው" እንላለን። የሚሰብረው ደግሞ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ብሎ አገሩ ሁሉ ያምን ነበር። አንተም "እንፋሎቱን ሽሹ፣ ለቤታችሁ መስኮት አውጡ፣ ድስቱን ደጅ ጣዱ" እያልህ አስተማርህ። ሰው አጨበጨበልህ። ቀድሞ የሚያምነውን ስለነገርኸው ነው መሰለኝ።

ከጓሯችን የምትኖረው እቴ ትሁን ቃልህን አክብራ ምድጃዋን ደጅ አወጣች። በዝናብ ከዳስ ሥር ተኮራምታ ትቀቅል ነበር። ልጇ ጌጡ ገና ማግባቱ ነው፤ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ አርሶ ማታ የሚጨፍር ጎበዝ። ወደ ድስቱ ድርሽ እንዳይል እናቱ አስምላዋለች። ሰኔ ሲገባ ያ ጎበዝ አንድ ቀን ጧት ልነሳ ቢል እግሩ እንቢ አለው። በቃሬዛ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዱት፤ ሰባት ቀን ነከሩት፤ በዚያው ቃሬዛ መለሱት።

ጠይቀኸው ስትመለስ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥህ። ምሳህን አልነካህም። "ብርቄ፣ ይኸ ልጅ ድስት አጠገብ አልደረሰም" አልኸኝ። "እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ የጓያ ዱቄት ስተነፍስ ኖሬአለሁ። ከድንጋዩ ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ ፊቴን ነው የሚመታኝ። ታዲያ እንፋሎት ከሆነ መጀመሪያ መሰበር የነበረብኝ እኔ አይደለሁም?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍጮ የመጣውን ሁሉ ጠየቅህ። ምን ስታስፈጪ ከረምሽ? ከምን ጋር? ከቤትሽ የተሰበረ አለ? ሴቶቹ "ምነው፣ እንደ አማት ጓዳችንን ፈተሽህ!" አሉህ። የተሰበረባቸው ቤቶች ወር ከወር ጓያ ብቻውን ያስፈጩ ነበሩ። ከዳጉሳ ወይም ከጤፍ የቀላቀሉት ደህና ነበሩ። ጎንደር ድረስ ሄደህ አንድ የጤና ሰው ብትጠይቅ፣ ሐኪሞችም የሚጠረጥሩት መብሉን መሆኑን ነገረህ።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለመንሁህ። እግርህ ሥር ወድቄ ለመንሁህ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። "ከድምፁ በኋላ በለው፤ አሁን ቃልህን ብትለውጥ መሳቂያ ያደርጉሃል" አልሁ። ቀና አድርገህ አስነሳኸኝና "የክረምቱን ጓያ ሊያስፈጩ ከነገ ጀምረው ይመጣሉ። ድምፅ እስኪሰጡኝ ዝም ብለው ይብሉ ልበል?" አልህ። እውነትህን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

በገበያው ቀን ሜዳው ሞላ። መጀመሪያ ተናገርህ፤ እንፋሎት ያልሁት ስሕተት ነው፣ መብሉ ነው አልህ። ግራዝማች ተራቸው ሲደርስ በድሮው የሙግት ወግ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ዱላቸውን አነሱ፤ ሁለት ጊዜ ዘለሉ። "እኔ ጓያ በልቼ አደግሁ! እግሬን እዩት! ይኸ ሰው ትናንት እንፋሎት ነው አለ፣ ዛሬ መብል ነው አለ፣ ነገ ደግሞ ውሃው ነው ይላችኋል! አዲስ አበባ ገብቶ ስንት ቃል ሊናገርላችሁ ነው?" ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

አንተም ያችን እኔን የምታቃጥለኝን ነገር አደረግህ። እኔ ስቆጣ እንኳ "ያልሽው እንዲህ ነው አይደል?" ብለህ ቃሌን አሳምረህ ሳትደግም አትመልስልኝም ነበር፤ ስንት ጊዜ በማማሰያ ልልህ አስቤአለሁ! ለግራዝማችም "ያሉት ሁለት ነገር ነው" አልሃቸው። "እርስዎ ጓያ በልተው አልተሰበሩም፤ እኔ ደግሞ ቃሌን ለውጫለሁ። አላጓደልሁብዎትም?" ግራዝማች ሳያስቡት "አላጓደልህም!" አሉ።

"ሁለቱም እውነት ነው" አልህ። "ቃሌን የለወጥሁት ተሳስቼ ስለነበረ ነው። ግራዝማችም በልተዋል። ከምን ጋር እንደሚበሉ ብቻ ይንገሩን።"

አንዲት ሴት ከመሐል "ከቅቤ ጋር ነዋ! ከጤፍ እንጀራ ጋር!" ብላ ጮኸች። ሳቁ ዞረ። ያን ጊዜ ያሸነፍህ መስሎኝ ነበር።

ግን አንድ ሰው ተነሳ። "ይሁን፣ አሁን መብሉ ነው። ለመሆኑ እንፋሎት ነው ብሎ ማን ነገረህና ነው አገሩን ያሳመንኸው? አምኖህ የተሰበረውንስ ምን ትለዋለህ?"

ጃንጥላህን አጠፍህ። ባርኔጣህን አወለቅህ። "ማንም ላይ አላሳብብም። አጣርቼ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለተሰበረው የምለው የለኝም፤ ይቅርታ ብቻ" አልህና እቴ ትሁን ወደ ቆመችበት ዞረህ እስከ መሬት እጅ ነሳህ።

በሬው አሸነፈ። "ቃሉን የሚያጥፍ ሰው" አሉህ። እኔም ሁለት ሳምንት አኮረፍሁህ። "ጃንጥላው ለዝናብም ይሆናል" ብለህ ልታስቀኝ ሞከርህ፤ እኔ ፊቴን አዞርሁ። ያን ሁለት ሳምንት ዛሬ ማን ይመልስልኝ?

ሐምሌ ማብቂያ ላይ እቴ ትሁን በዝናቡ መጣች። ጓያና ዳጉሳ በሁለት ቁና ይዛ ነበር። "ቀላቅለህ ፍጭልኝ" አለችህ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ፊትህን ወደ ሞተሩ አዞርህ። ዱቄት ዓይኔ ውስጥ ገባ አልህ። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም እየቀላቀሉ መጡ። የሚቀላቅሉት ላጡት ከቤታችን ጎተራ እፍኝ እፍኝ ዳጉሳ ትጨምር እንደነበር የማላውቅ መስሎህ ነበር? ጎተራውን የምጠርገው እኮ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሦስት ዓመት ዙሪያ ዙሪያውን የሄድሁት እዚህ ላለመድረስ ነው።

ያ ሰው "ማን ነገረህ?" ብሎ ሲጠይቅህ፣ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቆሜ ነበር። የነገርሁህ እኔ ነኝ። አንተ የደጋ ሰው ነህ፤ ስለ ጓያ ምን ታውቃለህ? የእናትህን ርስት ብለህ ወደ ሜዳው ወርደህ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት "ከድስቱ ራቅ፣ እንፋሎቱ ይሰብራል፣ እናቴ ነግራኛለች" አልሁህ። አንተም እንደ ጠባይህ "እንዴት አወቁ?" አልህ። እኔ ነደድሁ። "እናቴን ልትመረምር ነው?" አልሁህ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኸኝም። በዘመንህ ሁሉ ለእኔ ስትል የዋጥሃት ጥያቄ እሷ ብቻ ነበረች።

በሜዳው ላይ "ሚስቴ ናት" ብትል ውሸት አልነበረም። አላልህም። ቤት ገብተን ስንጣላም እንኳ አንድ ቀን አላነሳኸውም። እኔም የሰው ገበና በየወሩ እየጻፍሁ የራሴን ዋጥሁት። እቴ ትሁን ግን በማኅበሩ ቀን ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ከሳህኔ ትቆርሳለች።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ትናንት ወፍጮ ቤት ወርጄ ለእሷና ለጌጡ አነበብሁላቸው። ጌጡ ሞተሩን አጠፋው። እቴ ትሁን "እኔንም የነገረችኝ እናቴ ናት" አለች። ጌጡ መልሶ ሞተሩን አስነሳው። ዛሬ ጧት ግን በደጄ ሲያልፍ "ደህና አደርሽ፣ እትዬ ብርቄ" ብሎኛል። ከዚህ በላይ የምጠይቀው አይኖረኝም።

አስረስዬ፣ ምርጫው ሊደርስ ነው፤ አዳዲስ ሰዎች አዳዲስ ምልክት ይዘው ይመጣሉ። እኔም ሜዳው ላይ እገኛለሁ። እንደ ያኔው ከሴቶቹ መሐል በነጠላዬ አልሸፈንም። ጃንጥላህን አወርዳለሁ፤ ፊት ለፊት እቆማለሁ። በሬ የያዘውንም፣ ፈረስ የያዘውንም፣ የምወደውንም የምጠላውንም፣ ለእኔ ስትል የዋጥሃትን ጥያቄ እጠይቅልሃለሁ፦ "እንዴት አወቅህ?"

ብርቄህ