አረንጓዴው ቦርሳ

እህቴ አንቺዬ፣

አዲሶቹ የልጆች መጽሐፎች ከማተሚያ ቤት መጡ! ካርቶኑን ለመደብሩ ላደርስ እየከነፍኩ ነው። ሚጡን ጎረቤታችን ጋ ትቻታለሁ። እራቷ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂላት። ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ የሷ ነው፤ እባክሽ ብርጭቆ እንዳታስቀምጪበት።

ከሷ ከመስማትሽ በፊት ልንገርሽ። መጽሐፉ ውስጥ እናት ዳክዬዋ የያዘችው አረንጓዴ ቦርሳ ያንቺ ነው። ሳላስፈቅድሽ ነው የሳልኩት። ማን ልብ ይለዋል ብዬ።

ሳነብላት ልጅሽ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ "እማዬ!" አለች።

ዳክዬዋ በየገጹ ጀርባዋን ሰጥታ ስትወጣ ነው የምትታየው። እሱን ከየት አመጣሽው አትበይኝ። ለማን ብለሽ እንደምትሮጪ አውቃለሁ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

መጨረሻ ላይ በሩ ተከፍቶ ዳክዬዋ ትገባለች። እዚያ ስንደርስ ሚጡ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሥዕሉን ትታ የኛን በር በሩን ማየት ጀመረች። ደግሜ አነበብኩላት። አሁንም በሩን።

ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ ስመለስ እንጣላለን።

ይህን ስታነቢ እንኳ ቦርሳው ከትከሻሽ እንዳልወረደ አውቃለሁ። አውርጂውና ልጅቷን አምጫት። ዛሬ አንቺ አንብቢላት።