«ቀኝ» ሲባል በማን ቀኝ ነው?

ለተከበሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ርክክብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ በጤና፣ ወንበርዎ በጥንካሬ፣ ማኅተምዎም በቀለም እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ፣ በላኩልን ደብዳቤ ምክንያት ከእንቅልፍ ጋር ከመለያየታችን በቀር ደኅና ነን። ይህን ጽሑፍ በአደባባይ ማውጣቴ ለመዳፈር አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ምናልባት እንደ ማንኛውም አንባቢ አረፍ ሲሉ ያገኙት ይሆናል በሚል ትሕትና ነው።

ማንነቴን ላስታውስዎ። መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ነኝ። «ወደ ቀኝ ታጠፊ፣ ወደ ግራ ያዝ» እያልኩ ነው ትዳር የመሠረትኩት፣ ልጆች ያሳደግሁት። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ቀኜን ከግራዬ እንደማልለይ በማኅተም ሲያረጋግጥልኝ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ውላችን ላይ «ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ» ተብሎ ተጽፏል። ደረጃውን ጨርሰው ሲቆሙ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ በር አለ። የእርስዎ አስረካቢ የቀኙን በር አሳየን፤ ቁልፍ ሰጠን፤ ቁልፉም ከፈተ። «ቀኝ ያውላችሁ» ብሎ መረቀንና ሄደ። እኛም ገባን፣ አሠራን፣ አሳመርን። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ደብዳቤዎ ደረሰን፤ ለካ በእናንተ ፕላን ቀኝና ግራ የሚለየው ደረጃውን ለወጣ ሰው ሳይሆን፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሕንፃውን ለሚያይ ሰው ኖሯል። በዚህ ስሌት የእኛ ቀኝ ግራ ሆነ፤ እኛ የምንኖርበት ቤት የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ፣ የእሷ ባዶ ቤት ደግሞ የእኛ ነው ተባለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻም እንድንለዋወጥ ታዘዝን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝ አክብሮት ይከለክለኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር እንኳ እንግባባ ይሆናል።

አንደኛ፤ ስለ ቋንቋ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ «ግራ ገባኝ» የምለው ዝም ብሎ አፌ ስለለመደው ነበር። አሁን ግን በእርስዎ ደብዳቤ፣ ግራ የገባኝ ብቻ ሳልሆን ግራ የገባሁም ሰው ሆኛለሁ። ሰሞኑን ተማሪዬን ወደ ቀኝ ታጠፊ ካልኳት በኋላ፣ በማን ቀኝ እንደሆነ ማሰብ ጀምሬ ምሰሶ ከመግጨት ለጥቂት ተረፍን። ልጅቷ አሞህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ቤት ገዝቼ ነው አልኳት።

ሁለተኛ፤ «ሁለቱ ቤቶች በስፋትም ሆነ በአሠራር አንድ ስለሆኑ የሚጎዳ ወገን የለም» በማለት ስላጽናኑን አመሰግናለሁ። ጫማዎም እኮ በስፋትም በአሠራርም አንድ ነው፤ ነገ ጠዋት የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አጥልቀው ቢሮ ይግቡና ያኔ እንነጋገራለን። ሁለቱ ቤቶች እንደ ፊትና እንደ መስተዋት ናቸው። በእኛ ቤት ከመኝታ ክፍል ወጥተው ወደ ቀኝ ቢታጠፉ መታጠቢያ ቤት ያገኛሉ፤ በዚያኛው ቤት ወደ ቀኝ ቢታጠፉ የሚያገኙት በረንዳውን ነው። ይህ ለእርስዎም ለእኔም ተራ ነገር ነው፤ ለእናቴ ግን አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስለ እናቴ። ዓይኗ መድከም ከጀመረ ቆይቷል፤ አሁን የምትለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱን ያስጌጥነው ለእንግዳ ዓይን ሳይሆን ለእናቴ እጅና እግር ነው። ባለቤቴ ግድግዳው ነጭ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ እናቴ ነጭ ሲሆን ጉም ውስጥ የገባች እንደሚመስላት ስትነግራት፣ ተከራክራም አኩርፋም መጨረሻ ላይ ራሷ ሄዳ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ይዛ መጣች፤ የበሮቹን ጠርዝ ሁሉ በእሱ አስቀባን። መተላለፊያው ላይ እጇን የምታስኬድበት የእንጨት መደገፊያ አስመታን። ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ እግር የሚያውቀው ሻካራ ሴራሚክ አስነጠፍን፤ የመደርደሪያውንም ጥግ አናጢው አዶለዶመልን። የባለቤቴ ወንድም ገና ሲገባ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት ብሎ ቀለደ፤ እናቴም ሕፃኗ እሷ መሆኗን፣ እሱ ግን ጫማውን አውልቆ እንዲገባ ከተቀመጠችበት ነገረችው።

ቤቱንም ተማረችው። መጀመሪያ በእኔ ክንድ፣ ቀጥሎ በግድግዳው፣ በኋላ ብቻዋን። ማንም ሳይመራት ተነሥታ ትታጠባለች፤ በረንዳ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ እኛ ዓይን ያለን ሰዎች የጣልነውን ቁልፍ ፈልጋ የምትሰጠን እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ በር የምትከፍተውም እሷ ናት፤ አንዳንዱ እንደማታይ ሳያውቅ ተጫውቶ ይሄዳል። አቤት፣ እንደዚያ ያለ ቀን ደስታዋ!

አራተኛው ስለ ውሃው መስመር ነበር፤ ትቼዋለሁ። መቀመጥ አቅቶኝ ይህን የምጽፈው ከሳሎን ወጥ ቤት እየተመላለስኩ፣ ቆም ባልኩ ቁጥር ነው። ባለቤቴም ዕቃ ታስራለች፣ ያሰረችውን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። ተቀመጪ ስላት አንተ ተቀመጥ ትለኛለች፤ ሁለታችንም አንቀመጥም።

አምስተኛ፤ ስለላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ግራ ቀኙን አይቼ ለመወሰን ነው የመጣሁት ሲለን የምሩን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። እናቴ ያኛውን ቤት አንዴ ብትገባበት ቶሎ እንደምትለምደው አስረዳን። ልብስ ሰፊዋም እያፈረች፣ እሷ ራሷ ገና ያልገባችበትን ቤት ከፈተችልን። እኔ ከባለሙያው ጋር ስለ ቀኝ ስከራከር እናቴ ክንዴን ለቅቃ ኖሯል። ከመኝታ ክፍሉ በር ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ እንደለመደችው፣ ፈጠን ብላ፣ መታጠቢያ ቤት ልትገባ። ጽሕፈት ቤትዎ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብሎ ያስረከበው ያ በረንዳ ግን በር አልተገጠመለትም፤ መከለያ ብረትም የለውም። ልብስ ሰፊዋ ናት ዘልላ ቀሚሷን የያዘቻት። እኔ ልጇ ገና አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር።

እናቴን ደግፈን ወለሉ ላይ አስቀመጥናት። እጇን ወደ ግድግዳው ዘርግታ መደገፊያውን ፈለገች፤ አጣችው። ከዚያ የተናገረችውን፣ ክቡር ሆይ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ፦

«ልጄ፣ ዛሬ ገና ታወርኩ።»

ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ወረደ። በሪፖርቱ ላይ «ነዋሪዎቹ ተለዋጩን ቤት ተመልክተውታል» ብሎ መጻፉን ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በገዛ ቤቷ ከወንበሯ ከመነሣቷ በፊት የት ነው ያለሁት ብላ ትጠይቃለች። እንግዳ ቢያንኳኳ አትነሣም። ተናድጃለሁ፤ ከመናደዴም በላይ ፈርቻለሁ።

ልብስ ሰፊዋ መለዋወጡን አትፈልግም፤ ያስረከባችኋትን በረንዳ ብረት አስገጥማ እዚያው እንደምትገባ ነግራናለች። ግራ ቀኝ ባለጉዳዮቹ ተስማምተናል ማለት ነው፤ የቀረው ጽሕፈት ቤትዎ ከራሱ ጋር መታረቁ ብቻ ነው። ፕላናችሁ ላይ አንዲት ቃል ቢያርሙ ሁለት ቤት ይተኛል። ባያርሙም ግን እኛ ከዚህ ቤት አንወጣም፤ ይህንን በከፍተኛ አክብሮት እንዲያውቁልን እጠይቃለሁ።

ስለማይሰጡን ቀጠሮ፣ ስለሚያስጠብቁን ኮሪደር፣ ለአንዲት ቃል እርማት ስለምትጠይቁን ዘጠኝ ፊርማ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከደረጃም ቢያዩኝ ከመንገድ ያው አንድ ሰው የሆንኩ፣

አክባሪዎ፣
የመኪና መንዳት አስተማሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖሊስ ከመላክዎ በፊት አንድ ቀን ራስዎ ብቅ ብለው ዓይንዎን ጨፍነው ከመኝታ ክፍል እስከ መታጠቢያ ቤት እንዲራመዱ በትሕትና እጋብዝዎታለሁ። ሳያዩ መፈረም ለለመደ ሰው ሳያዩ መራመድ አይከብድም። ይህንን ሳነብላት እናቴ ክንድዎን ይዛ እንደምትመራዎት ቃል ገብታለች፤ በእኛ ቤት ከሆነ።