ስለ አቶ ምንያህል እሸቱ ዕረፍትና ስለዚያ የሜይ ወር ድምፃችን

የምሥራቅ ኮሎምበስ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ዕድር የአባሉንና የሕግ አማካሪውን የአቶ ምንያህል እሸቱን ሞት ለአባላቱና ለወዳጆቹ የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። አቶ ምንያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በዲቪ መጥተው ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዱ ሕግ ተማሩ። በ2004 በኦሃዮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተቀጠሩ፤ በሸማቾች ጥበቃ ክፍልም ለአሥራ ሦስት ዓመታት አገለገሉ።

በ2009 የተበላሹ መኪናዎችን ለአዲስ መጤዎች ይሸጥ የነበረን ነጋዴ ፍርድ ቤት አቁመው ረቱ። ራሳቸው መኪና ሲገዙ ግን ሻጩ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ገና የውሉ አራተኛ ገጽ ላይ እንዳገኛቸው አባላት በፍቅር ያስታውሳሉ።

በ2018 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ተወዳደሩ። መጀመሪያ በሜይ ወር በፓርቲያቸው ውስጥ የሚደረገውን ምርጫ ማለፍ ነበረባቸው። ጸሎትም ዱዓም ተደረገ፤ የፒከሪንግተን አባሎቻችን በየግቢያቸው ስማቸው የተጻፈበትን የቅስቀሳ ሰሌዳ ተከሉ። የምርጫው ዕለት መቶ አርባ ያህል ሰው ድምፅ ለሰጠ ሁሉ የሚታደለውን "መርጫለሁ" የሚል ተለጣፊ ደረቱ ላይ ለጥፎ የዕድሩን አዳራሽ ሞላ። ውጤቱ ሲመጣ፣ አብዛኞቻችን በምንመርጥበት ጣቢያ አቶ ምንያህል ያገኙት አሥራ አንድ ድምፅ ነበር።

በግዛቱ በሰፊ ልዩነት ስለተሸነፉ የእኛ ድምፅ ወንበሩን አያስገኝላቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ወገኖቻቸው ፊት ለፊት ስቀው ከኋላ የካዷቸው መሰላቸው። ያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የአባላትን ደብዳቤና የኪራይ ውል በነፃ ያነቡ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ኮታቸውን አንስተው ይወጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ላቀች ደጃችንን ዳግም አልረገጡም።

እውነቱ የወጣው ባለፈው እሑድ፣ ስለ ሕመማቸው በጠራነው ስብሰባ ላይ ነው። አባላችን ወይዘሮ ኸይሪያ ተነሥተው፣ ያን ዕለት የምርጫ አስተናጋጇ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደሚፈልጉ ጮክ ብላ ስትጠይቃቸው ደንግጠው "እኔ ፓርቲ የለኝም፣ ሰላማዊ ሰው ነኝ" ማለታቸውን ተናገሩ። ፓርቲ የለኝም ላለ ሰው በሚሰጠው ወረቀት ላይ የአንድም ዕጩ ስም የለም፤ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ቤት ግብር ብቻ ነው። አፍረው ሞሉት፣ ተለጣፊውን ተቀብለው ወጡ። ቀጥለው ሊቀመንበራችን አቶ ካሳሁን እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ዘጠና ሁለት እጅ ተቆጠረ። ባደግንበት ሀገር የዚያ ዓይነት ጥያቄ በደህና አይጠየቅም ነበርና ዘጠና ሁለታችንም አንድ መልስ ሰጥተናል። የተሳሳትኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ እያንዳንዱ ይህን ሁሉ ዓመት ደበቀ። ግብሩ በእኛ ድጋፍ በሚገባ አልፏል።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ኸይሪያና አቶ ካሳሁን ሆስፒታል ሄደው ነገሯቸው። አቶ ምንያህል ነርሷ ምን ሆኑ ብላ እስክትመጣ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያም አለቀሱ። ወይዘሮ ላቀች ልብስ ሊያመጡ ቤት ሄደው ነበር። ሁለቱ ጠብቀው ሊነግሯቸው ሲሉ፣ "ተዉት፣ ለላቀች እኔ እነግራታለሁ፤ እናንተ ታበላሹታላችሁ" ብለው መለሷቸው። በማግስቱ አረፉ። ይንገሯቸው፣ አይንገሯቸው አናውቅም።

ስለዚህ ይህ መግለጫ ከሁሉ በፊት ለእርስዎ ነው፣ እትዬ ላቀች። አልካድናቸውም፤ ፈርተን ነው። ፈርተንም አፍረን ዝም አልን፤ ዝምታው ከስህተቱ የባሰ እንደጎዳችሁ አሁን ገብቶናል። ለእርስዎ፣ ለልጃችሁ ለሔርሞን፣ በቢሯቸው አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን።

የቀብሩ ዕለት ዘጠና ሁለታችን ቀድመን መጥተን የመቃብር ስፍራው በር ላይ እንቆማለን፤ የሆነውን አንድ በአንድ፣ በየራሳችን አፍ እንነግርዎታለን። ግቡ ካሉን እንገባለን። አትግቡ ካሉንም ከአጥሩ ውጭ ቆመን እንሸኛቸዋለን።

የዕድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ