ሦስተኛው ኩባያ

ኖቬምበር 12፣ ቅዳሜ

ቁልፍም ጫማም በምሠራባት ሱቄ ጠዋት ቁልፍ ስቀርጽ አረፈድኩ። አንዲት ሴትዮ ባሏን አስወጥታ የበሩን መቆለፊያ ቀይራለች፤ አዲስ ቁልፍ ትፈልጋለች። «ለእሱም በድብቅ አንድ ልቅረጽለት?» አልኳት። አልሳቀችም።

ከሰዓት የወንድሜ ልጅ ዋንቺንግ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ያለሁበት ስካርቦሮ ድረስ በአውቶቡስ ትመጣለች። እኔን ናፍቃ አይደለም፤ ሥጋ የገባበት የእንፋሎት ዳቦዬን ናፍቃ ነው። የግራ ጫማዋ ተረከዝ ተገንጥሏል። ጥቁር ጎማ ስላለቀብኝ ቀይ ለጠፍኩላት።

«አጎቴ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ?»

«ባል ከሩቅ እንዲለይሽ ነው።»

ማታ እንደ ወትሮው አገር ቤት ካሉት ጋር በስልክ ምስል ተገናኘን። እዚያ እሑድ ጠዋት ነው። ወንድም ጋሼ፣ የዋንቺንግ አባት፣ ጠረጴዛው አጠገብ፤ ሚስቱ ሊፌን ሱፍ እየቆረጠመች። ሁለት ኩባያ ሻይ። እናታችን በጸደይ ካረፈች ወዲህ ወንበሯ ባዶ ነው። ለቀብሯ አልደረስኩም... ወንበሩን ላለማየት የሊፌንን ሱፍ አያያዝ አያለሁ።

ኖቬምበር 28

አገር ቤት አንድ ፎቅ ተቃጥሎ ሰው ሞተ። በወረርሽኙ ሰበብ በሩ ታሽጎባቸው ነበር ይላሉ። አልታሸገም የሚሉም አሉ። እዚህ የዋንቺንግ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተማሪዎቹ ሻማ ሊያበሩ ነው ሲባል ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁና ሄድኩ።

ሁሉም ማስክ ለብሷል፣ ኮፍያ ደፍቷል። ሁሉም ባዶ ነጭ ወረቀት ይዟል። አንድ ፊደል የለበትም። ምን ጻፋችሁ ብሎ ማን ይከሳቸዋል? ተንኮሉ ደስ አለኝ። ምነው እኔ ባሰብኩት።

ዋንቺንግን ወዲያው ለየኋት። ቀይ ተረከዝ። ከኋላዋ ጠጋ ብዬ «ወረቀቱን ገዝተሽ እስክሪብቶ ረሳሽ?» አልኳት። ክው አለች። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ይቀርጻል። ስልኩን ዝቅ አድርጎ ነው የያዘው። ፊት አይደለም የሚቀርጸው... እግር ነው።

ዲሴምበር 3፣ ቅዳሜ

ሦስት ኩባያ!

ሦስተኛው የእናቴ ነው፤ አበባ የተሳለበት፣ ጆሮው የተሸረፈው። ሞልቶ ይተናል። ስልኩን ትንሽ አዙረውታል፤ ወንበሯ አይታይም፣ ኩባያው ብቻ።

ወንድም ጋሼ እኮ ነው። የጂኦግራፊ መምህር። እናቴ ለአባታችን መቃብር ሻይ ስትወስድ «ሙት ሻይ አይጠጣም» እያለ ዕድሜ ልኳን የነዘነዛት ሰው።

«ወንድም ጋሼ፣ አመንክ እንዴ?»

«ምኑን?»

«ኩባያውን ነዋ። እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ሻዩን አቀጠኑብሽ?»

ሊፌን ሱፍ መቆርጠሟን አቆመች። ወንድሜ ወደ ወንበሩ ገልመጥ አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ዋንቺንግን ትምህርቷ ላይ ብቻ ትሁን በላት» አለ። «ውጭ ውጭ አትበል። ብርድ ነው።»

ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዲሴምበር 4

ዛሬ ቁልፍ እየሞረድኩ ትዝ አለኝ። ስንጀምር ኩባያው ሙሉ ነበር። ስንዘጋ ግማሽ።

ዲሴምበር 6

ቅዳሜ ስላልመጣች ዋንቺንግን ጠርቼ የኩባያውን ነገር ነገርኳት። አልደነገጠችም፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። «የመንግሥት ሰዎች የጓደኛዬም ወላጆች ቤት ሄደዋል» አለች። «ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ምንም አያደርጉም። ይጠጣሉ።»

«በእናቴ ኩባያ?»

«ያገኙትን ነዋ፣ አጎቴ።»

ዳቦው ቀዘቀዘ፤ ማናችንም አልነካነው። ቆይታ ጠየቀችኝ፣ እነዚህ ተማሪዎች መቼም ጥያቄ አያልቅባቸው።

«ዲሞክራሲ ላንተ ምንድን ነው?»

«እኔ ምኑን ተምሬ?»

«ሳትቀልድ ንገረኝ።»

አሰብኩ። «ሱቄ ፊት ያለውን አውቶቡስ ማቆሚያ ሊያነሱት ሲሉ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። አንዷ የምክር ቤት አባል ጥፍሯን እያየች ሰማችኝ። ማቆሚያው ተነሣ።»

«ታዲያ ተሸነፍክ።»

«ድብን አድርጌ። ግን ማንም ተነሥቶ እናቴ ቤት ሻይ ሊጠጣ አልሄደም።»

ከዚያ ዋናውን ነገር አወጣችው። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ለሟቾቹ መታሰቢያ አለ። ያለ ማስክ ቆማ፣ ስሟን ጠርታ ልትናገር ነው።

«አባትሽ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀረው።»

«አውቃለሁ። እሱ ተይ ካለኝ እተወዋለሁ። ግን እሱ ነው የሚነግረኝ ወይስ ወንበሩ?»

ተይ ልበላት? በርቺ ልበላት? በልጅነቷ አፍንጫዋን ሰርቄ ኪሴ ከትቼዋለሁ እያልኩ አስለቅሳት ነበር። እንዲያ ያለውን ነው የማውቅበት።

ዲሴምበር 8

አሁን ሱቅ ውስጥ ስሠራ ጀርባዬን ለበሩ አልሰጥም። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እጁን አያለሁ። ኩባያ የያዘ ይመስለኛል... ምን ነካኝ?

ዋንቺንግን ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። ለሁሉም የግራ ጫማ ቀይ ተረከዝ ለጠፍኩ፤ የደህናውን ጫማ ጭምር እየነቀልኩ። አንዱ ረጅም ልጅ «ጋሼ፣ የእኔ እኮ አዲስ ነው» አለኝ። «ዝም በል፣ ፋሽን ነው» አልኩት። እግር የሚቀርጸው ሰውዬ እስኪ ይለይ።

ቀይ ጎማ አለቀብኝ።

ዲሴምበር 10፣ ቅዳሜ

ሦስት ኩባያ። ዋንቺንግ አጠገቤ ናት።

ወንድም ጋሼ የተሸመደደ ነገር ይናገራል። «ልጄ፣ ሰው ያነሣሣሻል። አትስሚ። ስለ ጡረታዬ አስቢ።» አንዱን በጨረሰ ቁጥር ወደ ወንበሩ ያያል፤ መልሱን አገኘሁት ወይ እንደሚል ተማሪ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው...

አላስቻለኝም።

«የእንግዳውስ ሻይ እንዴት ነው?» አልኩ። «ጌታዬ፣ ጆሮው የተሸረፈ ነው፤ በሁለት እጅዎ ይያዙት። የእናታችን ነው። ሞታለች፣ ግን ዕቃዋ ሲሰበር ትቆጣለች።»

ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ቀስ ብሎ። ሰውየው ሲተነፍስም የሰማሁ መሰለኝ። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አበላሸሁት አልኩ በልቤ። አፌ ወንድሜን አስበላው።

ወንድሜ ተነሣ። የእናቴን ኩባያ አነሣና ከምስሉ ወጣ። ሻይ ሲደፋ፣ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ሌላ ሻይ በብርጭቆ ይዞ ተመለሰና አስቀመጠ።

«ይኼ ይሻልዎታል» አለ ወደ ወንበሩ። «ያኛው የእናቴ ነው።»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ክፍል ውስጥ ልጅ ሲያርም እንደሚናገረው። ከዚያ ልጁን አያት፤ ወደ ወንበሩ አልዞረም።

«ረቡዕ ስትወጪ ወፍራም ካፖርት ልበሺ» አላት።

ተቋረጠ።

ረቡዕን ማን ነገረው? እኛ አልነገርነውም።

ዲሴምበር 14፣ ረቡዕ

ተናገረች። ማስክ የለ፣ ኮፍያ የለ። ወፍራም ካፖርት ስለሌላት የእኔን አለበስኳት፤ እጅጌው ውጧታል።

ስሟን ተናገረች። የሴት አያቷን ኩባያ ነገር ነገረቻቸው። «መብት የምለው ትልቅ ነገር አይደለም» አለች። «ቤትሽ ማን እንደሚገባና በማን ኩባያ እንደሚጠጣ አንቺ ስትወስኚ ነው። እነዚያ የተቃጠሉት ሰዎችም ስለ ገዛ በራቸው መወሰን መቻል ነበረባቸው።»

ማንም አላጨበጨበም። ብዙዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። መሬቱ ደግሞ በቀይ ተረከዝ ተሞልቷል።

ቀራጩ ዛሬ ስልኩን ቀና አድርጎ ይዟል። ፊቷን። ፊቷን ብቻ።

ዲሴምበር 17፣ ቅዳሜ

ሊፌን ብቻዋን ናት። ሱፍ የለም። ሁለት ኩባያ፦ የራሷና የእናቴ። ስልኩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ባዶው ወንበር ይታያል።

«እትዬ፣ ወንድም ጋሼስ?»

«ትናንት ጠሩት። ለጥቂት ጥያቄ ነው አሉ። ለምሳ ይመለሳል አሉ።»

«ለትናንቱ ምሳ?»

ወደ ልጇ ዞረች።

«ካፖርት ለብሰሽ ነበር?»

«ለብሼ ነበር፣ እማዬ።»

«ጠይቂያት ብሎኝ ነው የወጣው።»

ዋንቺንግ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። የምቀልደው ነገር ፈለግሁ። አጣሁ። ይኼ ደርሶብኝ አያውቅም።

የእናቴ ኩባያ ይተናል። «ለማን ቀዳሽው?» አልኳት። «ለእማዬ ነው ወይስ ለወንድም ጋሼ?»

«ቀድሞ ለመጣው» አለች።

ስልኩን አልዘጋነውም። ሊፌን አትክልት ትቀነጥሳለች፤ ዋንቺንግ ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች። እኔ ኩባያውን አያለሁ። መትነኑን አቁሟል። በእነሱ ሰዓት ምሳ ሊደርስ ነው።

ሙሉ ነው። ይህን ስጽፍም ሙሉ ነው።